ከወሊድ ፈቃድ መልስ የጡት ወተት አልቦ ለሕፃን ማድረስ፦ በባሕር ዳር ለሚሠሩ እናቶች

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንድታገኝ ይደነግጋል። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ እናት ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ይሆናል። ሕፃኑ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናት ጡት ወተት በስተቀር ውሃም ቢሆን መቅመስ እንደሌለበት የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የአገራችን ጤና ሚኒስቴር ይመክራሉ። ፈቃዱ ካለቀበት ቀን አንስቶ ሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ እስከሚጀምርበት ቀን ድረስ ያሉትን ከሁለት ወር በላይ የሚሆኑ ሳምንታት ጡት ሳይቋረጥ እንዴት ማለፍ እንደሚቻል በቅደም ተከተል ለማስረዳት ይህ መመሪያ ተዘጋጅቷል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጡት የሚያመርተው ወተት መጠን የሚወሰነው በየዕለቱ ከጡቱ በሚወጣው ወተት መጠን ነው፤ ካልወጣ ሰውነት «አልተፈለገም» ብሎ ምርቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ውድ ማለቢያ ከመግዛት ይልቅ ሰዓት ጠብቆ ጡትን ማጉደል ይበልጣል። ጡትን ከሕፃኑ አፍ በተሻለ የሚያጎድል ማለቢያ ደግሞ የለም። በዚህ ረገድ የባሕር ዳር እናት ታድላለች፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ባጃጅ በየመንገዱ አለ፣ ከአብዛኛው መሥሪያ ቤት እስከ አብዛኛው መኖሪያ ሰፈር ያለው ርቀትም በምሳ ሰዓት ደርሶ ለመመለስ ያስችላል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በሙሉ የቆመው በዚሁ የምሳ ሰዓት ጡት ማጥባት ላይ ነው፤ ለእሱ የሚያስፈልገው የባጃጅ ሂሳብም ከደመወዝ ላይ አስቀድሞ ሊነሳ ይገባል።

ሥራ ከመግባት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት

በቅድሚያ ከቅርብ ኃላፊዎ ጋር ይነጋገሩ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ የሕፃናት ማቆያ መኖሩን ይጠይቁ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ማቆያ ካለና ሕፃኑን ይዞ መግባት ከተቻለ ከዚህ መመሪያ የሚያስፈልግዎ ጥቂቱ ብቻ ነው። ከሌለ ደግሞ ጥያቄዎን በቃል ብቻ ሳይሆን በአጭር ማመልከቻም ቢያቀርቡ ይመረጣል፤ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ሁሉንም ከመጀመሪያው ከማስረዳት ያድናል። ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ የሚከተለው ይበቃል፦

«ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ ሥራ በምጀምርበት ጊዜ ልጄ ገና ስድስት ወር ስለማይሞላው፣ ጠዋት 4፡30 እና ከሰዓት በኋላ 9፡30 ላይ ለእያንዳንዱ 25 ደቂቃ ያህል የጡት ወተት የማልብበት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሥራ ድርሻዬ እንዳይጓደል ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግሬ አመቻቻለሁ።»

ሰዓቱና ደቂቃው በግልጽ መጻፉ ጠቃሚ ነው፤ ኃላፊዎችን ብዙውን ጊዜ የሚያሳስባቸው ፈቃዱ ሳይሆን መጨረሻው አለመታወቁ ነውና። ክፍሉን በተመለከተ የመዛግብት ክፍል፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ወይም በዚያ ሰዓት ባዶ የሚሆን የስብሰባ አዳራሽ ሊያገለግል ይችላል። መስኮቱ መጋረጃ ከሌለው ነጠላ ይበቃዋል። መጸዳጃ ቤት ግን ንጽሕናው ስለማያስተማምን ለዚህ አይሆንም፤ «ሌላ ቦታ የለንም» ቢባሉም በትሕትና አይቀበሉ፤ ሰው ምግቡን እዚያ አያዘጋጅም።

በእነዚሁ ሳምንታት ማለብን ይለማመዱ። ወተት በብዛት የሚገኘው ከሌሊቱ መጨረሻ እስከ ማለዳ ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ሕፃኑ ጠዋት ጠብቶ ከጨረሰ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆይተው ይለቡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገኘው የብልቃጡን ታች ብቻ የሚሸፍን ሊሆን ይችላል። ይህ ጡቱ ወተት የለውም ማለት አይደለም፤ እጅዎ ገና አልለመደም፣ ሕፃኑም ጠብቶ ጨርሷል።

ፍሪዘር መሙላት ግዴታ አይደለም። በምሳ ሰዓት ቤት ለምትደርስ እናት የሚያስፈልጋት የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወተትና አንድ ሁለት ጊዜ የሚበቃ መጠባበቂያ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

በእጅ ማለብ

በእጅ ማለብን አስቀድሜ የማስረዳው ሆን ብዬ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከእጅና ከአንድ ብልቃጥ በስተቀር የሚታጠብ ዕቃም የለውም። በደንብ የለመደች እናት በመካከለኛ ማለቢያ ከምታገኘው ያላነሰ ወተት ታገኝበታለች።

እጅዎን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ በሚገባ ይታጠቡ። ጡቱን በየጊዜው በሳሙና ማጠብ ግን አያስፈልግም፤ ቆዳውን ያደርቀዋል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጡቱ ላይ ያኑሩ፤ በቢሮ ሙቅ ውሃ ካልተገኘ ከቤት በፔርሙዝ መውሰድ ይቻላል። ቀጥሎም ከብብት ወደ ጫፉ በጣቶችዎ ቀስ ብለው ያሹት። ወተት እንዲወርድ የሚያደርገው ሆርሞን በሐሳብና በጭንቀት ይታገዳል፤ የልጅዎን ፎቶ በስልክ ማየት ወይም የለበሰውን ካናቴራ ይዞ ማሽተት ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ብዙዎችን ይረዳል።

አውራ ጣትዎን ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርገው፣ ከጡቱ ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለው ጡቱን ይያዙ። በመጀመሪያ ጡቱን በሙሉ ወደ ደረትዎ ይግፉ፣ ከዚያ አውራ ጣትዎንና ሌሎቹን ጣቶች አቀራርበው ይጫኑ፣ ይልቀቁ። መግፋት፣ መጫን፣ መልቀቅ፤ ሥራው ይኸው ነው። ጣቶች በቆዳው ላይ መንሸራተት የለባቸውም፣ ጫፉንም መጎተት አያስፈልግም። የሚያም ከሆነ አያያዙ ተሳስቷል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ምንም ላይወርድ ይችላል፤ ከዚያ ጠብታ ይመጣል፣ ቆይቶም በቀጭኑ መፍሰስ ይጀምራል። ፍሰቱ ሲቀንስ የጣቶችዎን ቦታ በጡቱ ዙሪያ ያዘዋውሩ፤ ከላይና ከታች ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከጎንም ይለቡ። አንዱን ጡት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አልበው ወደ ሌላው ይለፉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይድገሙ። በዚህ ዓይነት ሁለቱን ለማጉደል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል።

በማለቢያ

ማለቢያ መግዛት ከፈለጉ አንድ ዓይነቱን ይተዉት፦ የጎማ ኳስ በጫፉ ያለውንና ኳሱን በመጭመቅ የሚሠራውን። ርካሽ ነው፣ ወተቱ ግን ወደ ጎማው ውስጥ ይገባል፤ ጎማው ደግሞ በደንብ ሊጸዳ አይችልም። እጀታውን በመጫን የሚሠራው የእጅ ማለቢያ ለአብዛኛዋ የቢሮ ሠራተኛ በቂ ነው። የኤሌክትሪኩ፣ በተለይም ሁለቱን ጡት በአንድ ጊዜ የሚያልበው፣ ሥራውን በ15 እና በ20 ደቂቃ መካከል ይጨርሳል፤ ለሐኪሞችና ለነርሶች ወይም ተማሪ ለሚጠብቃት መምህርት ዋጋውን ያወጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ የሌለውን አይግዙ።

ጡት ላይ የሚያርፈው ቀንድ መሰል ክፍል ልክ መሆን አለበት። ሲስብ የጡቱ ጫፍ ብቻ በቱቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ጫፉ ጠርዙን የሚታከክ ከሆነ ጠቦታል፣ በዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ክብ አብሮ የሚገባ ከሆነ ሰፍቶታል። የስበቱን ኃይል ከፍ ማድረግ ወተት አያበዛም፤ ያቆስላል እንጂ።

ወተት የነካው የማለቢያው ክፍል በሙሉ ከእያንዳንዱ ማለብ በኋላ ለዚሁ ብቻ በተለየ ሳፋ በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ይደርቅ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ቤት ውስጥ፣ ውሃ እስከሚያሰጥማቸው ድረስ ጨምረው ለ10 ደቂቃ ያፍሏቸው። በቢሮ ማጠቢያ ከሌለ ሁለተኛ ጥንድ ዕቃ መያዝ ወይም ከሰዓት በኋላ ያለውን በእጅ ማለብ ችግሩን ያቀለዋል።

የቀኑ ዑደት

ጠዋት 2፡30 ገብታ 11፡30 የምትወጣና ቤቷ ለምሳ የሚደረስበት እናት እንዲህ ብታደርግ ይመከራል። ከቤት ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብላ ሕፃኑን እስኪጠግብ ታጠባለች፤ ከእንቅልፉ መቀስቀስ ቢያስፈልግም። 4፡30 ላይ በቢሮ ትልባለች። ይህንን ወተት በምሳ ሰዓት ይዛው ትገባለች፣ ሕፃኑን ታጠባለች፣ ያመጣችውን ለከሰዓት በኋላው ለጠባቂው ታስረክባለች። 9፡30 ላይ ደግማ ትልባለች፤ ይህ ወተት ማታ ቤት ደርሶ ፍሪጅ ይገባና በማግስቱ ጠዋት ይጠጣል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የታለበው በፍሪጅ ሆኖ ለሰኞ ጠዋት ይደርሳል። ወተቱ እንዲህ ከእጅ ወደ አፍ ሲዞር ከዕለቱ ብዙም አይርቅም፤ ፍሪዘር መሙላት ያላስፈለገውም ለዚህ ነው።

መጠኑን ለመገመት፣ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን እናቱ በሌለችበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃዋል። አራት ሰዓት ተኩል ለሚሆነው የጠዋት ክፍል ከ135 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ለከሰዓት በኋላውም እንዲሁ። የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ የሚታየው መጠን ከዚህ ይበልጣልና በእሱ አይመዝኑ። ብዙ እናቶች ወተታቸው አነሰ ብለው ተስፋ የሚቆርጡት ከተሳሳተ ነገር ጋር አወዳድረው ነው።

በምሳ ሰዓት መድረስ የማይችሉ፣ ለምሳሌ ዓባይ ማዶ ሆነው ሥራቸው ወዲህ የሆነ ወይም በጀልባ የሚሻገሩ፣ በፈረቃ የሚሠሩ ነርሶች፣ የሆቴልና የፋብሪካ ሠራተኞች፣ በየሦስት ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ማለብ ይኖርባቸዋል። ለእነዚህ ከዚህ የተሻለው አማራጭ ሕፃኑንና ጠባቂውን በምሳ ሰዓት ወደ ሥራ ቦታው አጥር ማስመጣት ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ይህ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው።

ወተቱን ማስቀመጥና ማጓጓዝ

ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ የመስታወት ብልቃጥ ወይም ለምግብ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ይጠቀሙ፣ አስቀድመውም ያፍሉት። በአንድ ብልቃጥ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ ያድርጉ፤ ሕፃን አፉን ያስነካው ወተት በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋልና ትልቅ ብልቃጥ ብክነት ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉ።

አዲስ የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ በፍሪዘር ደግሞ 6 ወር ያህል ይቆያል። በባሕር ዳር መታሰብ ያለበት የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከሰዓት በኋላ የአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ቢሮ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በእጅጉ ይበልጣል፤ ስለዚህ አራት ሰዓቱን አይመኑት። መፍትሔው ቀላል ነው። በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተው፣ ሲረጋ ስለሚያብጥ ከአፉ ጎደል አድርገው፣ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩ። ጠዋት በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ከብልቃጡ ጋር በምሳ ዕቃ ቦርሳ ይያዙት። ሙቀት በማያስገባ ቦርሳ ውስጥ በበረዶ የተከበበ ወተት እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ተራ ቦርሳ ያን ያህል ባይዝም ከ9፡30 እስከ ቤት ድረስ ግን ያደርሳል። የቢሮው ፍሪጅ የጋራ ከሆነ ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል ያስሩት፤ ከሰው ዓይንም ከጥያቄም ያሳርፋል።

በፍሪጅ ውስጥ ወተቱን በር ላይ አያስቀምጡ፤ በር በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ስለዚህ ወተት ለማየት ተብሎ በየጊዜው መከፈት የለበትም። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከመሰለ መጀመሪያ ያለውን ወተት ለሕፃኑ መስጠት፣ ቀጥሎም ወደ ጎረቤት ፍሪጅ ማዛወር ነው። በረዶው የቀለጠ ወተት ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት ብቻ ይቆያል፣ ዳግመኛም አይረጋም።

ሕፃኑን ለሚጠብቀው ሰው

ሕፃኑ ከአያቱ ጋር ይሁን ከሞግዚት ጋር፣ ሥራ ከመግባትዎ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ከእናት ሌላ ሰው ወተት መስጠት ይለማመድ። እናቲቱ በዚያ ሰዓት ከቤት ብትወጣ ይሻላል፤ ሕፃን የእናቱ ሽታ እያለ ኩባያ አይቀበልም።

ከጡጦ ይልቅ ትንሽ ኩባያ ይመረጣል፤ ለማጽዳት ይቀላል፣ ሕፃኑም ጡቱን እንዳይተው ያግዛል። የቡና ስኒም ሊሆን ይችላል። ወተቱ የሚሞቀው ብልቃጡ በሙቅ ውሃ በተሞላ ሳሕን ውስጥ ቆሞ ነው፤ እሳት ላይ አይጣድም፣ በማይክሮዌቭም አይሞቅም፤ አፍ የሚያቃጥል ቦታ ይፈጥራል። ሲቀመጥ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ብልቃጡን በእጅ አዙሮ ማዋሐድ ነው እንጂ ተበላሸ ብሎ መድፋት አይገባም። ሕፃኑ በጭን ላይ ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ የኩባያው ጠርዝ የታችኛውን ከንፈሩን እንዲነካ፣ ወተቱም ከንፈሩ ዘንድ እንዲደርስ ብቻ ኩባያው ያዘነብላል። ሕፃኑ ራሱ በምላሱ ይስበዋል። ወደ አፉ ማፍሰስ ግን ትን ያስብለዋል። ሲያርፍ ማረፍ፣ ፊቱን ሲያዞር ማቆም ነው።

ከአያት ጋር የሚደረገው ውይይት ከሁሉም ይከብዳል፤ በአክብሮት ግን አስቀድሞ መደረግ አለበት። በሙቀት ወራት «አፉ ደርቋል» ተብሎ ውሃ፣ የአብሽ ውሃ ወይም ቅቤ ማቅመስ በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። የጡት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ በመሆኑ በሙቀትም ጊዜ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሌላ አያስፈልገውም። «እማዬ፣ በጤና ጣቢያ እስከ ስድስት ወር ምንም እንዳይቀምስ ብለውኛል፤ ከተጠማ ይኼንን ብልቃጥ ይስጡልኝ» ማለት ከክርክር ይሻላል። ፀሐይ የመታው ጡት ሕፃን ያሳምማል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ወተት ጡት ውስጥ እያለ በፀሐይ አይበላሽም፣ ከባጃጅ ወርዶ ፊትን ታጥቦ፣ ውሃ ጠጥቶ ወዲያው ማጥባት ይቻላል።

እንቅፋቶች

ማለቢያ ሰዓት አልፎ ጡቱ ከተወጠረ፣ እስኪለሰልስ ድረስ ጥቂት በእጅ ይለቡ። ጠንካራ እብጠት፣ መቅላትና ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ማጥባቱንም ሆነ ማለቡን በራስ ውሳኔ ማቆም ግን ሕመሙን ያብሳል።

የሚገኘው ወተት ከሳምንት ሳምንት እያነሰ ከሄደ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተዘለለ ሰዓት መኖር አለመኖሩ ነው። ስብሰባ ዋነኛው ተጠያቂ ነው። ሌሊት ማጥባትን ይጨምሩ፤ ቀን ከእናቱ የተለየ ሕፃን ሌሊት ደጋግሞ መጥባቱ የተለመደ ነው፣ ለእንቅልፍ ባይመችም ወተቱን ይመልሳል። ምግብ አይዝለሉ። ዐቢይ ጾም ከሙቀቱ ወራት ጋር ስለሚገጥም፣ መጾም የሚፈልጉ እናቶች የምግቡንም የሰዓቱንም ነገር አስቀድመው ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው። አጃና የአብሽ መጠጥ ደስ የሚልዎ ከሆነ ይጠጡ፤ የተዘለለ ማለብን ግን አይተኩም።

ሕፃኑ ስድስት ወር ሞልቶት ገንፎና ሌላ ምግብ ሲጀምር የቀን ወተቱ ፍላጎት ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ በመጀመሪያ የ9፡30ው ማለብ ሊቀር ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሁለት ሦስት ቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ እየቀነሱ፣ ጡቱ እንዳይወጠር እየተከታተሉ ነው የሚተውት። የ4፡30ው ከሳምንታት በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። የምሳ ሰዓቱ ጡት ግን ሕፃኑ እስከፈለገው ድረስ ሊቀጥል ይችላል።